ወንፊቱ መድኃኒቱን ሲጥለው፦ የባይቶውዌንግ ዱቄት፣ የጥጃ ተቅማጥና የኮምፒውተር ጥናት

በባክቴሪያ የሚመጣን የጥጃ ተቅማጥ በቻይና ባህላዊ መድኃኒት ስለማከም የተሠሩ የኮምፒውተር ጥናቶችን ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቀመሩ ይለያያል፣ መልሱ ግን ያው ነው። ከውህዶች ኩዌርሴቲን፣ ካምፌሮልና ቤታ ሲቶስቴሮል ከፊት ይሰለፋሉ። ውህዶቹ ይነኳቸዋል ከሚባሉት ፕሮቲኖች (ኢላማዎች) ኤኬቲ1፣ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 ይመረጣሉ። ቀጥሎ ዶኪንግ (ውህዱ ከፕሮቲኑ ጋር እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር መገመት) ይሠራና "ጥሩ ትስስር ታይቷል" ተብሎ ይዘጋል። ጉዳዩ ተቅማጥ ሆኖ ሳለ ከመንገዶቹ (አብረው ከሚሠሩ ፕሮቲኖች ሰንሰለቶች) ዝርዝር አናት ላይ የሚቀመጡት የስኳር ሕመም መዘዝ፣ የደም ሥር ስብና ካንሰር ናቸው። እንዲህ ያለ ውጤት ስለ መድኃኒቱ ብዙም አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ አሠራሩ ነው።

ዘዴው በራሱ ከንቱ አይደለም። አንድሩ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ኔትወርክ ፋርማኮሎጂ (ውህዶችንና ኢላማ ፕሮቲኖችን በመረብ አያይዞ ማጥናት) የሚለውን ስም ሲያስተዋውቁ የተነሱበት ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ብዙ መድኃኒቶች የሚሠሩት አንድ ፕሮቲን ዘግተው ሳይሆን በርከት ያሉትን በጥቂቱ እየነኩ ነው። አራት አምስት ዕፅ አንድ ላይ ለሚቀላቅል ሕክምና ይህ አስተሳሰብ ልክክ ይላል። ፍላጎቱም አለ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2020 ለዕድገት ማፋጠኛ ተብሎ መኖ ውስጥ የሚጨመረውን አንቲባዮቲክ ካገደች ወዲህ ለእንስሳት የሚሆኑ የዕፅ ቀመሮች ላይ የሚሠራው ሥራ በዝቷል። ስለዚህ ሥራው በደንብ መሠራት አለበት። እዚህ የማሳየው በአንድ ቀመር ላይ የት የት እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚቃና ነው።

ቀመሩ ባይቶውዌንግ ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ ላይ የኖረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ለሰው ተቅማጥ የጻፈው ሲሆን አራት ዕፆች አሉት፦ የፑልሳቲላ ሥር (ባይቶውዌንግ)፣ የኮፕቲስ ሥር (ኹዋንግልየን)፣ የፌሎዴንድሮን ቅርፊት (ኹዋንግባይ) እና የፍራክሲነስ ቅርፊት (ቺንፒ)። የቻይና የእንስሳት ሕክምና ፋርማኮፒያ (ይፋዊው የመድኃኒት መስፈርት መጽሐፍ) በዱቄት መልክ ሲያስቀምጠው ባይቶውዌንግ 60 ግራም፣ ኹዋንግልየን 30፣ ኹዋንግባይ 45፣ ቺንፒ 60 ይላል፤ ድምሩ 195 ግራም። መጠኑ ለትልቅ ከብትና ለፈረስ ከ150 እስከ 250 ግራም፣ ለበግና ለአሳማ ከ30 እስከ 45 ግራም ነው።

የተለመደው አካሄድ የሚጀምረው ቲሲኤምኤስፒ ከተባለው የመረጃ ቋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን 499 ዕፆችን ይዟል። የዕፁ ስም ሲገባ የውህዶቹን ዝርዝር ያወጣል፤ ከዚያ ሁለት ወንፊት ይጣልበታል። አንደኛው ከአፍ ተወስዶ ደም ውስጥ የሚደርሰው ድርሻ 30 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለተኛው "መድኃኒት መሰልነት" የሚባል ነጥብ ሲሆን ገደቡ 0.18 ነው። ሁለቱን ያለፈ "ንቁ ውህድ" ተብሎ ይመዘገባል፤ ያላለፈ ይጣላል። ማንም ተመልሶ አያየውም።

አሁን የወደቁትን እንያቸው። የፑልሳቲላ ሥር ዋና ውህድ አኔሞሳይድ ቢ4 ነው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 1221 ገደማ የሆነ፣ ስኳር የተንጠለጠለበት ትልቅ ሳፖኒን። ደም ውስጥ በደንብ አይገባም፤ ስለዚህ ወንፊቱ ይጥለዋል። የቺንፒ ኤስኩሌቲን ደግሞ 178 ብቻ የሚመዝን ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ትንሽነቱ በመድኃኒት መሰልነት ነጥብ ይጥለዋል። እንግዲህ የአራት ዕፅ ቀመር ይዘን ተነስተን የሁለቱን ዕፅ መለያ ውህዶች ገና በመጀመሪያው ሰዓት ጣልናቸው ማለት ነው። በቦታቸው የሚቀረው ኩዌርሴቲን ነው፤ 46.43 ከመቶና 0.28 ስላለው ያልፋል። በሺህ የሚቆጠሩ ዕፆች ውስጥ የሚገኝ ውህድ ነው፤ ብዙ ስለተጠና ብዙ ኢላማ ተመዝግቦለታል፤ ብዙ ኢላማ ስላለው የመረቡ እምብርት ይሆናል።

የኹዋንግልየንና የኹዋንግባይ መለያ ውህድ የሆነው ቤርቤሪን ደግሞ በተቃራኒው ያስተምራል። ቋቱ 36.86 ከመቶ ስለሚሰጠው ያልፋል። በእንስሳት ላይ ሲለካ ግን ከአፍ ተወስዶ ሳይለወጥ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከ1 ከመቶ በታች ነው። የገባውን ጥቂትም የአንጀት ግድግዳ ፓምፖች ወደ ውጭ ይመልሱታል፤ ጉበትም ይለውጠዋል። ያለፈው በተሳሳተ ቁጥር ነው፤ ማለፉ ግን ትክክል ነው። የአንጀት በሽታን ስናክም ደም ውስጥ ስንት ገባ ብሎ መጠየቅ ራሱ ቦታውን የሳተ ጥያቄ ነው። ባክቴሪያው ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ የሚይዘው ተቀባይም ወደ አንጀቱ ክፍተት በሚያየው የሴሉ ፊት ላይ ነው። ደም ውስጥ የማይገባ ውህድ እዚያው ቀርቶ ሥራውን ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወንፊት መጠን መሆን አለበት። የቻይና ፋርማኮፒያ ለእያንዳንዱ ዕፅ ዝቅተኛ ይዘት ይደነግጋል። ኹዋንግልየን ቢያንስ 5.5 ከመቶ ቤርቤሪን፣ ኹዋንግባይ ቢያንስ 3 ከመቶ፣ የፑልሳቲላ ሥር ቢያንስ 4.6 ከመቶ አኔሞሳይድ ቢ4፣ ቺንፒ ኤስኩሊንና ኤስኩሌቲን ተደምረው ቢያንስ 1 ከመቶ። ከ195 ግራሙ ዱቄት ላይ እናስላው። ከኹዋንግልየን 1.65 ግራም ቤርቤሪን፣ ከኹዋንግባይ 1.35 ግራም፤ ድምሩ 3 ግራም። አኔሞሳይድ ቢ4 2.76 ግራም። የቺንፒዎቹ 0.6 ግራም። ጥጃው በእርግጥ የሚውጠው ይህን ነው። ኩዌርሴቲን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በመረቡ ላይ ግን ንጉሥ ነው።

አንድ እርምጃ እንጨምር። አንድ ግራም ዱቄት 15.4 ሚሊግራም ያህል ቤርቤሪን አለው። ለስሌቱ ብቻ 30 ግራም ዱቄት አንጀት ውስጥ ገባ፣ ቤርቤሪኑም ሙሉ በሙሉ በ5 ሊትር ፈሳሽ ሟሟ እንበል፤ ይህ የመጠን ምክር አይደለም። በሊትር 92 ሚሊግራም ይሆናል፤ ወደ 0.25 ሚሊሞላር። ደም ውስጥ ግን ቤርቤሪን የሚገኘው በናኖሞላር (የሚሊሞላር ሚሊዮንኛ) ደረጃ ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል አምስት ዜሮ ያህል ልዩነት አለ። የዶኪንጉን ቁጥር ስናነብ ይህ ልዩነት ወሳኝ ስለሚሆን እመለስበታለሁ።

የውህዶቹን ዝርዝር ለማውጣት የሚሻለው መንገድ ጥጃው የሚወስደውን ያንኑ ዱቄት በፈሳሽ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ውህዶችን ለይቶ በክብደታቸው በሚያውቅ ዘዴ) መመርመር ነው። መሣሪያው ከሌለ ፋርማኮፒያው የሚለካቸውን መለያ ውህዶች በሙሉ ያለ ወንፊት ማስገባት፣ ከዚያ ሜታቦላይቶቻቸውን (ሰውነት ውስጥ ተለውጠው የሚሆኑትን ውህዶች) መጨመር። ኤስኩሊን ስኳሩ ሲነሳ ኤስኩሌቲን ይሆናል። አኔሞሳይድ ቢ4 ስኳሮቹን ሲያጣ 23-ሃይድሮክሲቤቱሊኒክ አሲድ ይቀራል። ቤርቤሪን በአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ዳይሃይድሮቤርቤሪን ይቀየራል፤ ይኸኛው በተሻለ ይሰረጋል። የሦስት ቀን ጥጃ አንጀት ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ማኅበር ግን የትልቅ ከብት አይደለም፤ ለውጡ በዚያ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚሄድ ከጥጃው ፈሳሽ ላይ መለካት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የኹዋንግባይ ስም ነው። ሁለት ዛፎች በአንድ ስም ይጠሩ ነበር፤ አሁን ፋርማኮፒያው ለይቷቸዋል። የሰሜን ምሥራቁ ጓን ኹዋንግባይ የሚጠበቅበት 0.6 ከመቶ ቤርቤሪን ብቻ ነው። በስሕተት ከተተካ ከ45 ግራም የሚገኘው ከ1.35 ወደ 0.27 ግራም ይወርዳል። ሁለተኛው የጨው ጉዳይ ነው። ቤርቤሪን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከክሎራይድ ጋር ነው። ፋይሉን ፐብኬም ከተባለው የውህዶች ቋት እንዳለ አውርዶ ወደ ዶኪንግ የወሰደ ሰው ሁለት የተለያዩ ቁራጮችን እንደ አንድ ሞለኪውል ያስገባል፤ ወይም ሦስት ልኬታዊ ቅርጽ አላገኘም ተብሎ ይቆማል። ክሎራይዱን ማንሳት፣ ናይትሮጅኑ ላይ ያለውን አዎንታዊ ቻርጅ መጠበቅ፣ ኦፕን ባቤል በተባለው ፕሮግራም ወደ ሦስት ልኬት መቀየርና ኤምኤምኤፍኤፍ94 በተባለው የኃይል ስሌት ማላላት ያስፈልጋል። ቤርቤሪን ጠፍጣፋ ሆኖ ካልወጣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

በበሽታው በኩል ያለው ስሕተት ከዚህ አይተናነስም። ጂንካርድስ በተባለው የሰው ጂኖች ቋት ላይ "ተቅማጥ" ብሎ መፈለግ እጅግ ብዙ የሰው ጂኖች ያመጣል፤ በትውልድ የሚመጣው፣ በካንሰር መድኃኒት የሚነሳው፣ የሐሞት አሲዱ ሁሉ ተደባልቆ። የጥጃን ጉዳይ ከመጀመሪያው ቆርጦ መያዝ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ገደማ የሚመጣው የባክቴሪያ ተቅማጥ ዋና ተጠያቂ ኤፍ5 (የቀድሞ ስሙ ኬ99) የተባለ ፀጉር መሰል መያዣ ያለው መርዝ አመንጪ ኢ. ኮላይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ባክቴሪያው የሚይዘው ተቀባይ ከአንጀቱ ስለሚቀንስ ጥጃው ይቋቋመዋል። ሳልሞኔላ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሱ አንጀቱን ይወርራል፣ ደምና ትኩሳት ያመጣል። ሁለቱ በአንድ የጂን ዝርዝር አይጠኑም። ሮታ ቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም ደግሞ በተመሳሳይ ሳምንታት የሚገቡ ስለሆኑ "የጥጃ ተቅማጥ" የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ባክቴሪያ ምንም አያረጋግጥም።

ለኤፍ5 ኢ. ኮላይ ዝርዝሩ በእጅ ሊሠራ ይችላል፤ አጭርም ነው። ኤስቲኤ የተባለው ትንሽ መርዝ ጓኒሊል ሳይክሌዝ ሲ የተባለውን ተቀባይ ይይዛል። ሳይክሊክ ጂኤምፒ ይጨምራል፤ ፕሮቲን ካይኔዝ ጂ 2 ይነቃል፤ ሲኤፍቲአር የተባለው የክሎራይድ በር ይከፈታል፤ ሶዲየም የሚያስገባው ኤንኤችኢ3 ይዘጋል። ጨው ይወጣል፣ ውኃ ይከተለዋል። ከነዚህ ጋር ክሎራይዱን ከደም በኩል የሚያቀርበውን ኤንኬሲሲ1፣ የሴል ማያያዣዎቹን ኦክሉዲንና ክላውዲኖች፣ ቲኤልአር4ን እና ኢንተርሉኪን 8ን መጨመር ነው። ይህ ሃያ የማይሞላ ዝርዝር ከጂንካርድሱ ግዙፍ ዝርዝር ይልቅ ስለ በሽታው ይናገራል። ከባክቴሪያው ወገን ደግሞ ዲኤንኤውን የሚጠመዝዘው ዲኤንኤ ጋይሬዝ፣ ሴሉ ሲከፈል የሚሠራው ኤፍቲኤስዜድና ኤፍ5 ራሱ መግባት አለባቸው። የባክቴሪያ በሽታ ጥናት ሆኖ አንድም የባክቴሪያ ፕሮቲን የሌለበት መረብ እንግዳ ነገር ነው፤ ግን የተለመደ ነው።

የዝርያው ነገርም አለ። የውህድን ኢላማ የሚተነብየው ስዊስታርጌት ፕሬዲክሽን የሚያውቀው ሰውን፣ አይጥንና ትልቁን አይጥ ብቻ ነው፤ ከብት የለበትም። ስለዚህ ኢላማዎቹ በሰው ከወጡ በኋላ ወደ ከብት መሻገር አለባቸው። አንድ ለአንድ የሚዛመዱትን ብቻ መውሰድ፣ በፕሮቲን ቋቱ በዩኒፕሮት ላይ የከብትን የዝርያ ቁጥር 9913 መጠቀም፣ የፕሮቲኖችን ግንኙነት በሚሰጠው በስትሪንግም ላይ ያንኑ። ብዙዎች በሰው ቁጥር 9606 ሠርተው ርዕሱ ላይ ጥጃ ይጽፋሉ። የመንገዶች ቋት የሆነው ኬግ የከብት መንገዶች ስላሉት ማበልጸጊያውንም (ኢላማዎቹ በየትኛው መንገድ ከሚጠበቀው በላይ እንደበዙ የሚያሳየውን ስሌት) በዚያ መሥራት ይቻላል።

መረቡን ስለ መሥራት ብዙ አልልም፤ መረብ የሚሠራው ፕሮግራም ሳይቶስኬፕ ሥራውን ያውቃል። የሚጎድለው ማነጻጸሪያ ነው። ከዚሁ ቋት አራት ዕፆችን በዕጣ ማውጣት፣ ያንኑ ወንፊት፣ ያንኑ የኢላማ ፍለጋ፣ ያንኑ ማበልጸጊያ 1000 ጊዜ መድገም። ኤኬቲ1 በዕጣ ከወጡት ቀመሮች በአብዛኞቹ እምብርት ሆኖ ከወጣ በባይቶውዌንግ ላይ መውጣቱ መረጃ አይደለም። ጥቂት መስመር ኮድ ነው የሚጠይቀው፤ አንድ ሌሊት ይሮጣል። የማበልጸጊያው መነሻ ስብስብም ሙሉው ጂኖም ሳይሆን የመተንበያ መሣሪያው ሊያወጣቸው የሚችሉት ፕሮቲኖች ብቻ መሆን አለበት። መሣሪያው ካይኔዝ የተባሉትን ኢንዛይሞች አብዝቶ የሚያውቅ ከሆነ ካይኔዝ የበዛበት መንገድ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ወደ ዶኪንግ እንምጣ። ቪና የተባለው የዶኪንግ ፕሮግራም ቁጥር አልሰጥም ብሎ አያውቅም። ሰፊና ጠፍጣፋ የፕሮቲን ገጽ ላይ ቢያስቀምጡትም -6 ወይም -7 ይሰጣል (በኪሎ ካሎሪ በሞል ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ትስስሩ ይጠነክራል)። ኢንተርሉኪን 6 ለትንሽ ሞለኪውል የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ የለውም፤ እዚያ ላይ የወጣ ቁጥር ትርጉሙ አነስተኛ ነው። ቲኤንኤፍ የሚሠራው ሦስት ሰንሰለት ሆኖ ነው፤ የሚታወቀው የትናንሽ ሞለኪውሎች መያዣ በሰንሰለቶቹ መሃል ስለሆነ አንዱን ሰንሰለት ነጥሎ ዶክ ማድረግ መያዣውን አፍርሶ መፈለግ ነው። ኤኬቲ1ን ሲያወርዱም ፋይሉ ሙሉ ፕሮቲኑ ነው ወይስ ስብ የሚይዘው ጫፍ ብቻ ብሎ ማየት ነው።

የከብት ፕሮቲን በሙከራ የተገኘ መዋቅር ከሌለው አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም የተነበየው መዋቅር ይወሰዳል፤ በመያዣው ዙሪያ የእርግጠኝነት ነጥቡ ከ70 በታች የሆነ ግን ለዶኪንግ አይሆንም። ውኃውን ማንሳት፣ የፖላር ሃይድሮጅኖችን መጨመር፣ ቪና ወደሚያነበው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ፒዲቢኪውቲ፣ መቀየር የተለመደ ነው። አንዳንዱ የቻርጅ ዓይነት ላይ ብዙ ይጨነቃል፤ ቪና ግን የሚሰጠውን ቻርጅ አያነበውም። የፍለጋው ሳጥን በየጎኑ ከ20 እስከ 25 አንግስትሮም፣ መያዣውን መሃል አድርጎ። ሳጥኑን መላው ፕሮቲን ላይ ከዘረጉት የፍለጋውን ጥልቀት ከተለመደው 8 ወደ 32 ወይም ከዚያ በላይ ማሳደግ ግድ ነው፤ አለዚያ በየሩጫው የተለያየ ቦታ ያመጣል። ከሁሉ አስቀድሞ መዋቅሩ ውስጥ የነበረውን ሞለኪውል አውጥቶ መልሶ ዶክ ማድረግ ነው። ከቦታው ከ2 አንግስትሮም በላይ ከራቀ አሠራሩ አልያዘም። በጋይሬዝ ቢ ላይ አንቲባዮቲኩ ኖቮባዮሲን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ እዚያ እንደሚይዝ ይታወቃል። አኔሞሳይድ ቢ4ን ግን ቪና ላይ ባይጭኑ ይሻላል። የሚዞሩ ቦንዶቹ ብዙ ስለሆኑ ውጤቱ አይረጋም፤ ከትልቅነቱም የተነሳ ነጥቡ ያለ አግባብ ይገዝፋል። ስኳር የሌለውን አካሉን ዶክ ማድረግ ይቀላል።

አሁን ቀደም ብዬ ያስቀመጥኩትን ስሌት እናምጣው። በየጽሑፉ "ከ-5 ኪሎ ካሎሪ በሞል በታች ከሆነ ጥሩ ትስስር ነው" የሚል ገደብ አለ። በሰውነት ሙቀት -5 ማለት ወደ 0.3 ሚሊሞላር የሚሆን የመያዣ ቋሚ (የፕሮቲኑ ግማሽ እንዲያዝ የሚያስፈልገው የውህድ መጠን) ነው። -7 ወደ 12 ማይክሮሞላር፣ -9 ወደ 0.45 ማይክሮሞላር። ናኖሞላር ቤርቤሪን ባለበት ደም ውስጥ -9 እንኳን አይበቃም። 0.25 ሚሊሞላር ሊደርስ በሚችልበት አንጀት ውስጥ ግን -6 ወይም -7 ትርጉም ይኖረዋል። ያው ነጥብ፣ ያው ሞለኪውል፤ ለጉበት ፕሮቲን ባዶ፣ ለአንጀት ሽፋን ፕሮቲን ሊታሰብበት የሚገባ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የዶኪንግ ቁጥር ጎን ፕሮቲኑ ያለበት ቦታና እዚያ የሚጠበቀው መጠን ይጻፍ።

የሞለኪውል እንቅስቃሴ ማስመሰያ ግሮማክስ በተባለው ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ 100 ናኖሰከንድ አንድ ጊዜ ሮጦ መስመሩ ረጋ ማለት አይበቃም፤ በተለያየ መነሻ ፍጥነት ሦስት ጊዜ ይደገም። ሙቀቱንም ከልማድ 300 ኬልቪን ከማድረግ የጥጃን 312 ማድረግ ምንም አያስከፍልም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ጥያቄ ነው፤ ቤርቤሪን ጥጃውን የሚረዳው ባክቴሪያውን ገድሎ ነው ወይስ ፍሰቱን አቁሞ? ኢ. ኮላይ ቤርቤሪንን በፓምፑ ስለሚተፋው ዕድገቱን ለማቆም የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ጊዜ በሊትር በመቶዎች ሚሊግራም ነው፤ ከላይ ካሰላነው 92 ይበልጣል። ፍሰትን እንደሚቀንስ ግን በጥንቸል አንጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ1982 በኢ. ኮላይ መርዞች ተሞክሮ ታይቷል። ለእኔ ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ላቦራቶሪው ዕድገት ከሚገታው መጠን ልኬት ጎን የግድ የጥጃ አንጀት ሽፋን ላይ ኤስቲኤ ጨምሮ የክሎራይድ ፍሰቱን በኡሲንግ ቻምበር (በአንጀት ሽፋን በኩል የሚያልፈውን ፍሰት በሚለካ መሣሪያ) መለካት አለበት። የዱቄቱን ውኃ ሙሉውን፣ ቤርቤሪን ብቻውን፣ ቤርቤሪን የተነሳለትን ቀሪ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን።

ጥጃ ላይ ሲደረስ መጀመሪያ የሚታየው ውኃ ነው። 40 ኪሎ ጥጃ 8 ከመቶ ሲደርቅ 3.2 ሊትር አጥቷል። የሚገድለው የውኃው እጦትና የደሙ አሲድነት ስለሆነ ዱቄቱን የሚወስዱትም የማይወስዱትም ቡድኖች ወተታቸውን ሳይከለከሉ የጨውና የስኳር ውኃውን እኩል ማግኘት አለባቸው፤ ዱቄቱ የሚፈተነው ከዚያ በላይ ስንት ጨመረ ተብሎ ነው። እንገር በሰዓቱ የጠጣና ያልጠጣ ጥጃ ተደባልቆ ቢመደብ ልዩነቱ የመድኃኒቱን ስለሚውጠው የደም ፕሮቲን በመግቢያው ቀን ይለካ። ኹዋንግልየን እጅግ መራራ ነው፤ ወተት ውስጥ ከገባ ጥጃው ሊያቆም ይችላል። በቱቦ ከተሰጠ ደግሞ ሲጠባ የሚዘጋው ቦይ ስለማይዘጋ መድኃኒቱ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሆድ ክፍል አይሄድም፤ መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚሰጥበት መንገድ ለሁሉም አንድ ይሁን።

ቤርቤሪን ቢጫ ቀለም ነው። የጥጃውን አፍ፣ ጡጦውን፣ የሠራተኛውን ጓንት ያቀልማል፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 3 የእበት ነጥብ የሚሰጠው ሰው የትኛው ጥጃ ዱቄቱን እንደወሰደ ማወቁ አይቀርም። ነጥቡን ብቻ ከማመን እበቱን በቀን ሁለቴ ወስዶ መመዘን፣ በ105 ዲግሪ ክብደቱ እስኪረጋ ማድረቅና እንደገና መመዘን። ሚዛኑ ቀለም አያይም።